«22.4» ባሕር ዳር ላይ ለምን አይወጣም? የጋዝ ሞል ሙከራ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኅዳር 2፦ መነሻ

የአሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ ሞል (የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) ላይ ሲደርስ ሰሌዳው ላይ አንድ ቁጥር ይጻፋል፦ የማንኛውም ጋዝ 1 ሞል 22.4 ሊትር ይይዛል። ተማሪው ይገለብጠዋል፣ ፈተና ላይ ያባዛዋል፣ በዚያው ያልቃል። ይህ ሥራ ቁጥሩን በእጅ ለመለካት ነው፤ በአቼቶና በቤኪንግ ሶዳ፣ በተራ የመማሪያ ክፍል፣ ጣና ዳር።

ውጤቱ 22.4 እንደማይሆን ከወዲሁ የታወቀ ነው። 22.4 የሚሠራው በ0 ዲግሪ ሴልሺየስና በ101.3 ኪሎፓስካል ግፊት ነው። ባሕር ዳር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ክፍሉም 24 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል። ተማሪው የሚያገኘው መልስ መጽሐፉ ላይ ካለው በጣም ይበልጣል። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ «ሙከራው ተበላሽቷል» ተብሎ ይታለፋል። እኛ የምንፈልገው በተቃራኒው እዚህ ላይ መቆም ነው።

የምንጠቀምበት ለውጥ ይህ ነው፦

ሶዲየም ባይካርቦኔት (ቤኪንግ ሶዳው) + አሴቲክ አሲድ (የአቼቶው አሲድ) → ሶዲየም አሲቴት + ውሃ + ካርቦን ዳይኦክሳይድ

አንድ ሞል ሶዳ አንድ ሞል ጋዝ ይሰጣል። የሶዳው ሞላር ክብደት (የ1 ሞል ክብደት) 84.0 ግራም ስለሆነ 1.00 ግራም ማለት 0.0119 ሞል ነው። በ22.4 ሲባዛ 267 ሚሊ ሊትር ይወጣል፤ የክፍሉ ትንበያ ይህ ይሆናል።

ለአንድ ጣቢያ (አንድ ቡድን ለሚሠራበት ቦታ) የሚያስፈልገው፦ ሁለት ባዶ የወይን ጠጅ ጠርሙስ (750 ሚሊ ሊትር)፣ አንድ ባለ 20 ሚሊ ሊትር አዲስ ሲሪንጅ፣ አንድ አዲስ የግሉኮስ ቱቦ፣ አንድ ጆግ፣ የወጥ ቤት ሚዛን (በ1 ግራም የሚያነብ)። ለሁሉም ጣቢያ በጋራ ደግሞ 0.01 ግራም የሚያነብ የወርቅ ቤት ዓይነት ትንሽ ሚዛንና እስከ 110 ዲግሪ የሚያነብ ቴርሞሜትር። ባለ ልኬት ሲሊንደር አያስፈልግም፤ ጋዙ ከጠርሙስ ገፍቶ የሚያወጣውን ውሃ በይዘት ከማንበብ መመዘን ይሻላል፣ 1 ግራም ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ነውና።

የላስቲክ ሃይላንድ ጠርሙስ አይሆንም። ግፊት ሲያገኝ ጎኑ ይነፋል፣ ሲይዙት ደግሞ ይጨመቃል፤ በሁለቱም ንባቡን ያበላሻል። ብርሌም ታስቦ ነበር፣ ቅርጹ የላቦራቶሪ ፍላስክ ይመስላልና። ነገር ግን አፉ ስስ ነው፣ ውታፍ ጠበቅ ሲደረግበት ይሰነጠቃል፤ ይዘቱም ከብርሌ ብርሌ ይለያያል። ለጠጁ ይቅር። የበረኪና ዕቃ ደግሞ ቢታጠብም ወደዚህ ሥራ አይገባም፤ የቀረ በረኪና ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

ኅዳር 4፦ ግፊቱን በፈላ ውሃ ማወቅ

ባሮሜትር የለም። በስልክ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ቁጥር ይሰጣል፣ ግን ወጥመድ ነው፤ የሚያሳየው ወደ ባሕር ጠለል የተመለሰ ግፊት ስለሆነ ባሕር ዳር ላይ ተቀምጦም ከ1,000 ሄክቶፓስካል (100 ኪሎፓስካል) በላይ ይላል። እውነተኛው የክፍሉ ግፊት ከዚያ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ራሱ ባሮሜትር ያለው ስልክ ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘ ድስትና ቴርሞሜትር ይበቃሉ።

ውሃ የሚፈላው የተኑ ግፊት ከአካባቢው አየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። የተኑ ግፊት በ93 ዲግሪ 78.5፣ በ94 ዲግሪ 81.5፣ በ95 ዲግሪ 84.5 ኪሎፓስካል ነው። ስለዚህ የመፍያ ነጥቡን ያነበበ ግፊቱን አነበበ ማለት ነው።

በመጀመሪያ ቴርሞሜትሩ ይፈተናል። ከዓሣ መሸጫ የመጣ በረዶ ደቅቆ በትንሽ ውሃ ተቀላቀለ፣ አምስት ደቂቃ እየተማሰለ ተነበበ፦ 0.5። ማለትም ከእያንዳንዱ ንባብ ግማሽ ዲግሪ ይቀነሳል። (ሙሉ ልኬቱ ላይ ስህተቱ እኩል ነው ማለት አይቻልም፤ ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል።) ከዚያ በከሰል ማንደጃ ላይ ግማሽ ድስት ውሃ ፈላ፣ የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ታች ሳይነካ ውሃው ውስጥ ተያዘ። ታቹን ከነካ ከፍ ያለ ያነባል። ንባቡ 94.5፣ ሲታረም 94.0። ግፊቱ 81.5 ኪሎፓስካል።

አንድ ዲግሪ መሳሳት ግፊቱን በ3 ኪሎፓስካል፣ የመጨረሻውን መልስ ደግሞ በ4 በመቶ ገደማ ያስታል። ስለዚህ ቀዩን ፈሳሽ ዓይን ትክክል አድርጎ ማንበብ እዚህ ጋ ቅንጦት አይደለም።

ኅዳር 5፦ ሶዳ ወይስ ፓውደር

ከሱቅ ሁለት እሽግ መጣ፤ ሻጩ ሁለቱንም «ያው ነው» ብሎ ሰጠ። ያው አይደለም። ቤኪንግ ፓውደር ውስጥ ከሶዳው ሌላ ዱቄት መሰል ስታርችና ደረቅ አሲድ አለበት፤ ሶዳው ከጠቅላላው ሲሶ ገደማ ብቻ ነው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ካልተቻለ፦ ሻይ ማንኪያ ዱቄቱን ሙቅ ውሃ ላይ ጣል ማድረግ። ፓውደር ወዲያው አረፋ ያወጣል፣ አሲዱ አብሮት ነውና። ሶዳ በለብታ ውሃ ዝም ብሎ ይሟሟል። ሁለተኛው መፈተኛ ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው የቁስል አዮዲን ነው፤ አንድ ጠብታ ፓውደሩን ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለውጠዋል፣ ሶዳውን አይለውጠውም።

አቼቶው ላይ 5 በመቶ ይላል። ይህ 0.83 ሞል በሊትር ገደማ ነው። 1.00 ግራም ሶዳን ለመጨረስ 14.3 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ 20 እንጠቀማለን። ሶዳው ማለቅ አለበት፣ አሲዱ ግን መትረፍ አለበት፤ አለዚያ የምንለካው የሶዳውን ሞል ሳይሆን የአቼቶውን ይሆናል። ባለ 4 በመቶ አቼቶ ከሆነም 20 ይበቃል፣ መጨረሻው ላይ ግን ይንቀረፈፋል።

ኅዳር 8፦ ውታፍና ቱቦ

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠርሙስ ሀ ውስጥ ሶዳው አለ። ውታፉ ሁለት ቀዳዳ አለው፦ በአንዱ ሲሪንጁ አቼቶ ያስገባል፣ በሌላው ጋዝ ወደ ጠርሙስ ለ ይሄዳል። ጠርሙስ ለ እስከ አንገቱ ውሃ ነው፤ ውታፉ ላይ ያለው አጭር ቱቦ ጋዝ ከላይ ያስገባል፣ ረጅሙ ቱቦ እስከ ታች ወርዶ የሚገፋውን ውሃ ወደ ጆጉ ያወጣል።

ጋዙ ከላይ መግባቱ በዘፈቀደ አይደለም። በተለመደው መንገድ ጋዙ በውሃ ውስጥ እየተንደቀደቀ ቢሰበሰብ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሟሟል፤ በዚህ ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ እስከ 0.8 ሊትር ገደማ ሊይዝ ይችላል። እዚህ ግን ጠርሙስ ሀ 750 ሚሊ ሊትር አየር አለበት፣ የሚፈጠረው ጋዝ ደግሞ ከ400 በታች ነው። ስለዚህ ወደ ለ ተገፍቶ የሚሄደው በአብዛኛው የቆየው አየር ነው፣ አየር ደግሞ እዚህ ግባ በሚባል መጠን አይሟሟም። ከባዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሀ ታች ይተኛል። የምንለካው የጋዙን ግፊያ እንጂ ጋዙን ራሱን አይደለም። ትንሽ ጠርሙስ ቢደረግ ይህ ጥቅም ይቀራል።

ውታፉ ከአሮጌ ሸበጥ ሶል ተቆረጠ። የጠርሙሱን አፍ ሶሉ ላይ አስቀምጦ በእስክሪብቶ ማክበብ፣ ከመስመሩ 2 ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ መቁረጥ፣ ከዚያ በአሸዋ ወረቀት ወደ ታች እያሾሉ ማለስ። ስስ ሶል ከሆነ ሁለት ድርብ ይጣበቃል። ቀዳዳው በጋለ ምስማር ይበሳል፤ ምስማሩ ከቱቦው መቅጠን አለበት። ቱቦው በሳሙና ውሃ ረጥቦ እየተሽከረከረ ይገባል።

ዙሪያውን በሻማ ማሸግ መጀመሪያ የተሞከረው ነበር። አይሆንም። ሻማው ሲደርቅ ያምራል፣ ቱቦው ትንሽ ሲነቃነቅ ግን ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም በዓይን አይታይም። ሲሊኮን ተቀብቶ አንድ ቀን ሙሉ ሲደርቅ ችግሩ ቀረ።

የግሉኮስ ቱቦው ላይ ያለው ማንጠባጠቢያና የፍሰት መቆጣጠሪያዋ ጎማ ተቆርጠው ተጣሉ። መቆጣጠሪያዋ ቱቦው ላይ ከቀረች ሳይታወቅ የምትዘጋ እሷ ናት፤ ጋዝ እየተፈጠረ መውጫው ከተዘጋ ውታፍ ይፈናጠራል ወይም ጠርሙስ ይፈነዳል። ሕጉ አጭር ነው፦ ሶዳው አቼቶ እየነካ ባለበት ጊዜ ማንም ቱቦ አይቆነጥጥም።

የማፍሰስ ፍተሻ፦ ለ ውሃ ይሞላል፣ ሀ ባዶውን ይወተፋል፣ ሲሪንጁ ቦታው ላይ ይገጠማል። የመውጫ ቱቦው በሌላ ባዶ ሲሪንጅ ተስቦ ውሃ ይሞላና ጫፉ ከጠረጴዛው 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይደረጋል። ጥቂት ውሃ ይወርዳል፣ ይቆማል። ካልቆመና መውረዱን ከቀጠለ አየር ከአንድ ቦታ እየገባ ነው። ይህን ፍተሻ ያላለፈ ጣቢያ ሶዳ አይሰጠውም። ከአራቱ ጣቢያ ሁለቱ በመጀመሪያው ዙር ወደቁ፤ አንዱ በውታፉ፣ ሌላው በሲሪንጁ አፍ።

ኅዳር 9፦ የዝግጅት ሙከራዎች

አካሄዱ ተወሰነ። ጠርሙስ ሀ በውሃ ተለቃልቆ ይደፋል፣ አይደርቅም። ውስጡ ያለው አየር ቀድሞ በውሃ ተን ካልጠገበ ሙከራው መሃል ላይ ተኑ እየጨመረ አሥር ሚሊ ሊትር ያህል የሐሰት ጋዝ ይሰጣል። ሶዳው በደረቅ ወረቀት ተጠቅልሎ እንደ ፈንጠዝያ ርችት ቀጭን ቱቦ ሆኖ ይገባል፤ ወረቀቱ ተዘቅዝቆ ሲመታ ሁሉም ታች ይወድቃል። አንገቱ ላይ የተጣበቀ ሶዳ ከተመዘነው ላይ የጎደለ ነው።

ጆጉ ውስጥ ትንሽ ውሃ ይኖራል። የቱቦው ጫፍ ውሃው ውስጥ ሆኖ የጆጉና የጠርሙስ ለ ውሃ ልክ በልክ እንዲሆን ከሥር ደብተር ይደረደራል። ቱቦው ይወጣል፣ ሚዛኑ ዜሮ ይደረጋል፣ ቱቦው ይመለሳል። አቼቶው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይገፋል፤ አውራ ጣት ከሲሪንጁ ላይ አይነሳም፣ ግፊቱ መልሶ ይገፋዋልና። አረፋው ሲበርድ ሀ በአንገቱ ተይዞ ክብ እየተደረገ ለአንድ ደቂቃ ይወዛወዛል። ሦስት ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ ጆጉ ከፍ ወይም ዝቅ ተደርጎ የሁለቱ ውሃ እንደገና ልክ ይሆናል፣ አሁን ቱቦው ይቆነጠጣል፣ ይወጣል፣ ጆጉ ይመዘናል።

ውጤት፦

ሙከራ 1፣ በፓውደር፦ 118 ሚሊ ሊትር። የሚጠበቀው ሲሶ ገደማ ነው። ለተማሪ ማሳያ እንዲሆን እሽጉ ተቀምጧል።

ሙከራ 2፣ በሶዳ፦ 331። የሀ ውታፍ ጎን ላይ የሳሙና ውሃ ሲቀባ አረፋ ሠራ። ውታፉ ተቀየረ።

ሙከራ 3፦ 381። ደስ አሰኘ፣ ቆይቶ ግን ጉድለቱ ታየ፦ የገባው 20 ሚሊ ሊትር አቼቶም ራሱ 20 ሚሊ ሊትር አየር ገፍቷል። ሲቀነስ 361።

ሙከራ 4 እና 5፣ ሲቀነስ፦ 358 እና 363።

አሁን ስንት መሆን እንደነበረበት። ከጠቅላላው 81.5 ግፊት ውስጥ የውሃ ተኑ በ24 ዲግሪ 3.0 ይወስዳል፤ ለጋዙ 78.5 ይቀራል። ሙቀቱ 273 ተደምሮበት በኬልቪን ይገባል። እንግዲህ፦

22.4 × (297 ÷ 273) × (101.3 ÷ 78.5) = 31.4 ሊትር

0.0119 ሞል ሲባዛ 374 ሚሊ ሊትር። ከተገኘው ጋር ልዩነቱ ከ11 እስከ 16 ነው። አብዛኛው የት እንደሄደ ይታወቃል፦ ታች በቀረው 20 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሊትር ጋዝ ይሟሟል። ማወዛወዙ ያለ ልክ የሟሟውን ያስወጣል፣ የተፈጥሮ ድርሻውን ግን አያስወጣም።

ኅዳር 12፦ ክፍል ውስጥ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ

64 ተማሪ፣ አራት ጣቢያ፣ 40 ደቂቃ። በአንድ ጣቢያ 16 ሰው ብዙ ነው፤ ስምንቱ ሲሠሩ ስምንቱ በደብተር ይከታተላሉ፣ በሁለተኛው ዙር ይቀያየራሉ። ሁለት ዙር በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚገባው ሶዳው ቀድሞ ተመዝኖ ከተጠቀለለ ብቻ ነው። አንድ ትንሽ ሚዛን ለስምንት ቡድን ሲዞር 20 ደቂቃ ይበላል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁሉም 267 ብሎ ትንበያውን በእስክሪብቶ ይጽፋል፣ በእርሳስ አይፈቀድም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ውጤቱ ሲመጣ ትንበያው ላጲስ እንዳያገኘው።

አንድ የቋንቋ ጣጣ አስቀድሞ መጥረግ አስፈለገ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ተማሪው የሚያስበውና ከጓደኛው ጋር የሚከራከረው በአማርኛ ነው፣ በአማርኛ ደግሞ «መጠን» ሁሉን ይሸከማል። «የጋዙ መጠን ስንት ነው?» ሲባል አንዱ ግራም፣ አንዱ ሚሊ ሊትር፣ ሌላው ሞል ይመልሳል፣ ሦስቱም በጥያቄው አይወቀሱም። ለዚህ ክፍለ ጊዜ «መጠን» ብቻውን ታገደ፦ ክብደት በግራም፣ ይዘት በሚሊ ሊትር፣ ብዛት በሞል። (የፊዚክስ መምህር ከሰማ «ክብደት» ሳይሆን «መጠነ ቁስ» ነው ብሎ ይነሳል፤ እውነቱን ነው፣ ግን ያገድነው ቃል በጓሮ በር ተመለሰ ማለት ነው።) ሁለተኛው ቃል «ፈላ» ነው። አቼቶው ሶዳውን ሲነካ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ፈላ!» ይላል። ጠርሙሱን ሲነኩት ግን ቀዝቅዟል፣ ለውጡ ሙቀት ይወስዳልና። ይህን በጣት ማስነካት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል፦ አረፋ ሁሉ መፍላት አይደለም።

የመጀመሪያው ዙር ውጤት፣ 20 ከተቀነሰ በኋላ፦ 344፣ 356፣ 360፣ 398።

398 የሰጠው ጣቢያ ተመረመረ። ጆጉ ወንበር ላይ ነበር፣ የውሃው ልክ ከጠርሙስ ለ ውሃ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፤ መጨረሻ ላይም አልተስተካከለም። 20 ሳንቲ ሜትር ውሃ 2 ኪሎፓስካል ገደማ ይስባል። ይህ ከ81.5 ላይ 2.4 በመቶ ነው፣ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የሚለጠጠው የተፈጠረው ጋዝ ብቻ ሳይሆን በሁለቱ ጠርሙስ ያለው አየር ሁሉ ነው፤ 1.15 ሊትር ያህል ስለሆነ ስህተቱ 28 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። በዚያ ላይ አንድ ተማሪ ሀን በሁለት እጁ አቅፎ ይዞት ነበር። ጠርሙሱ በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 2.5 ሚሊ ሊትር ይጨምራል፤ አራት ዲግሪ ሲሆን አሥር። 28 እና 10 ሲቀነሱ 360፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ገጠመ። በሁለተኛው ዙር ጠርሙሱ በአንገቱ ብቻ ተይዞ፣ ልኩም ተስተካክሎ 357 መጣ።

ከዚያ የቀኑ ዋና ጥያቄ። 267 ተብሎ ነበር፣ ወደ 350 መጣ። ለምን? መልሶቹ በቅደም ተከተል፦ «ሚዛኑ ልክ አይደለም»፣ «አፍስሷል»፣ «ሶዳው በዝቷል»። ሰሌዳው ላይ በሁለት ዓምድ ተጻፉ፦ ንባቡን የሚያሳንስ ስህተት እና የሚያበዛ ስህተት። ማፍሰስ ያሳንሳል። መሟሟት ያሳንሳል። አንገት ላይ የቀረ ሶዳ ያሳንሳል። ዓምዱ አንድ ወገን ሲሞላ ክፍሉ ዝም ማለት ጀመረ። የምናውቀው ስህተት በአብዛኛው የሚያሳንስ ከሆነ፣ የሚያበዛውንም ካስተካከልን፣ ትርፉ 80 ሚሊ ሊትር ከየት መጣ? የቀረው ተጠርጣሪ ትንበያው ራሱ ነው።

እዚህ ላይ የፈላው ድስት መጣ። ቴርሞሜትሩ 94.5 ሲያሳይ የመጀመሪያው ምላሽ «ተበላሽቷል፣ ውሃ በ100 ነው የሚፈላው» ነበር። የበረዶው ፍተሻ በፊታቸው ተደገመ። ከዚያ «100 የሚሆነው የት ነው?» ሲባል ከኋላ «ባሕር ወለል ላይ!» ተባለ፣ ሌላው ቀጠለ፦ «ታዲያ እኛ ባሕር ዳር አይደለን?»። ሳቁ ካለፈ በኋላ ነገሩ ቁም ነገር ሆኖ ተገኘ። «ባሕር» ለዚህ ከተማ ልጅ ጣና ነው። «በባሕር ጠለል ግፊት» ሲባል ብዙዎቹ የጣናን ልክ ሲያስቡ ነበር ማለት ነው። ጣና ራሱ ከባሕር ጠለል 1,786 ሜትር ገደማ ላይ እንደሚተኛ ሰሌዳ ላይ ተጻፈ። ይህን አንድ መስመር ያላስቀደመ መምህር የመጽሐፉን ፍቺ በትክክል አንብቦ በስህተት ያስተላልፋል።

ኅዳር 14፦ ስሌቱ

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ያለ ዕቃ። የተለመዱት ስህተቶች በድግግሞሻቸው፦

አንደኛ፣ ሴልሺየስን እንዳለ ማስገባት። 22.4 × 24 ÷ 0 ጽፎ ካልኩሌተሩ ስህተት ሲለው ካልኩሌተር የቀየረ አለ። እውነቱን ለመናገር ይህ ጥሩ ስህተት ነው፣ ራሱን ያጋልጣል። መጥፎው 24 ÷ 273 ነው፤ ምንም ሳይል 2 ሊትር ያህል ይሰጣል።

ሁለተኛ፣ ግፊቱን መገልበጥ። 78.5 ÷ 101.3 ያስገባ ከ22.4 ያነሰ መልስ ያገኛል። እዚህ ቀመሩን ከማስታወስ ይልቅ ባዶ ሲሪንጅ መስጠት ይሻላል፦ አፉን በጣት ዝጋ፣ ሳብ፤ ግፊቱ ሲቀንስ አየሩ ሰፋ። ባሕር ዳር ግፊቷ ዝቅ ያለ ነው፣ እንግዲህ ጋዙ መስፋት አለበት። ክፍልፋዩ ከ1 መብለጥ እንዳለበት ከገባው ማን ላይ ማን ታች እንደሚሆን አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ ግማሹን በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግማሹን በኪሎፓስካል መጻፍ፣ 760 ÷ 78.5 እንደሚለው። የአሮጌ መጽሐፍና የአዲስ መጽሐፍ ቁጥር ሲቀላቀል ይከሰታል።

አራተኛ፣ የውሃ ተኑን መርሳት። ያለ እሱ 30.3 ሊትር ይመጣል፣ ከ31.4 ብዙ ስለማይርቅ ለደካማ ቡድን መጀመሪያ ላይ ቢታለፍ ጉዳት የለውም።

ሰባቱ ጥሩ ንባቦች (344፣ 356፣ 360፣ 357፣ 349፣ 341፣ 352) አማካኛቸው 351 ነው። በ0.0119 ሲካፈል 29.5 ሊትር በሞል። ከሚጠበቀው 31.4 በ6 በመቶ ያንሳል፣ ከ22.4 ግን የትና የት።

የጎበዝ ተማሪ ጥያቄም መጣ፦ አንዳንድ መጽሐፍ ለምን 22.7 ይላል? ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1982 መደበኛውን ግፊት ከ101.3 ወደ 100 ኪሎፓስካል ስላወረደው ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ግፊታቸው አብሮ ከተጻፈ።

የቤት ሥራ፦ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ውሃ እዚያ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ግፊቱ 72.8 ኪሎፓስካል። ክፍሉ 20 ዲግሪ፣ የውሃ ተኑ 2.3 ቢሆን 1 ግራም ሶዳ ስንት ሚሊ ሊትር ይሰጣል? (መልስ 34.5 ሊትር በሞል፣ 411 ሚሊ ሊትር።) ከዚያ ዘመድ ያለው ደውሎ ባቄላ እዚያ ለመብሰል ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ይጠይቅ።

ኅዳር 19፦ ለሌላኛው ሴክሽን የተቀየረው

ጠርሙስ ሀ አሁን በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ እጅ እንዳያሞቀው። ጆጉና ለ በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲሆኑ ተደርጓል፣ ወንበር ቀርቷል። የሲሪንጁ 20 ሚሊ ሊትር «ቀንስ» ተብሎ በቀይ ማርከር ሲሪንጁ ላይ ተጽፏል፤ ባለፈው አምስት ቡድን ረስቶት ነበር።

የፈላው ድስት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲመጣ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፣ ጊዜ ይቆጥባልና። አልተደረገም። 94ን ቀድሞ ያየ ተማሪ 267 ብሎ አይተነብይም፣ ያልተሳሳተ ትንበያ ደግሞ የሚያስጠይቀው ነገር የለም።

ሁለት የሸበጥ ውታፍ ቀዳዳቸው ሰፍቷል፤ ከአሥር ያህል አጠቃቀም በኋላ ይጠበቃል። ቱቦዎቹ በንጹህ ውሃ ታጥበው ተሰቅለዋል፣ የአሲቴት ጨው ሲደርቅ አፋቸውን ይደፍናል። የጣና ውሃ በጆግ መጠቀም ተሞክሮ ነበር፤ ለንባቡ ምንም ለውጥ የለውም፣ ደለሉ ግን ቱቦው ውስጥ ይተኛል። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ብቻ፣ ሌሊቱን አድሮ ከጠለለ በኋላ።

ቀሪ ዕቃ፦ 340 ግራም ሶዳ፣ 2 ሊትር አቼቶ፣ ስድስት ያልተከፈተ ሲሪንጅ። ለሁለት ሴክሽን ሶዳው ተርፎ ይቀራል፤ አቼቶው ለአንድ ሙከራ 20 ሚሊ ሊትር ስለሚፈጅ ለ100 ሙከራ ይበቃል።